የገጽ ሰባ አራት ጠጠር

ማዳም ሐናን ምስጢር ሲኖራት በፈረንሳይኛ ታወራለች። በሶማሊኛ ብታወራ እንደምሰማት ታውቃለች፣ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አማርኛውንም ከእኔው ጋር ስድስት ዓመት ተለማምዳ አሁን ገበያ ወጥታ ዋጋ ትከራከርበታለች። ፈረንሳይኛው ግን የእሷና የባሏ ብቻ ይመስላታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳህን ስታቀርብና ስታነሳ የኖረች ሴት ጆሮዋን የት አስቀምጣ ነው የምትሠራው? ሐሙስ ጠዋት፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ እኔ ወጥ ቤት ለልጆቹ ዳቦ እየቀባሁ እሷ በረንዳው ላይ ቆማ ለባሏ እንዲህ አለችው፤ እስካሁን አልሰማችም፣ አክስቷ ነገ በጠዋት ሰው ሰብስበን እንነግራታለን ብላለች፣ እስከዚያ ፊትህን አስተካክል። ባልየውም “ምስኪን” አለ። ከዚያ ስለ መኪናው ጎማ ማውራት ጀመሩ።

እኛ ዘንድ ለሰው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚነገር ነገር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም መርዶ ነው። ሰው አገር ውስጥ ሞቶ ዘመዱ ውጭ ከሆነ ማንም በስልክ አይነግረውም። ያለበት አገር ያሉ ዘመዶቹ ቀን ይቆርጣሉ፣ ወንበር ይዋሳሉ፣ አሠሪውን ያስፈቅዳሉ፣ ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር እንዳይሆን ብለው እስከዚያው በደህና ቀን አፍ ያዋሩታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የቀረው የማን መርዶ ነው የሚለው ነው፣ እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ያሉኝ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እዚሁ ከተማ ካርቲዬ ስድስት ሰፈር የምትኖረው አክስቴ ሙሉነሽ፣ ድሬዳዋ ያሉት ወንድሜ ደጉና እናቴ። አክስቴ ነጋሪ ከሆነች በሕይወት አለች ማለት ነው። ደጉ ትናንት ጽፎልኛል። የሚቀረውን ማንም ሰው ሊደርስበት ይችላል፣ እኔ ግን አልደረስኩበትም። ዳቦውን በሁለቱም በኩል ቀብቼው ኖሮ የልጆቹ እጅ ቅቤ በቅቤ ሆነ፣ ማዳምም ሳትቆጣኝ ቀረች። በስድስት ዓመት ውስጥ ያኔ ነው የፈራኋት።

እናቴ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስልክ አላነሳችም። ቁልቢ ጸበል ገብታለች ብሎኛል ደጉ፣ ጸበል ላይ ስልክ አይያዝም ብሎኛል፣ እኔም ስኳሯ አስቸግሯት ይሆናል ብዬ ተቀበልኩ። እነማዳም እንደወጡ ደወልኩለት። አነሳው፣ “ወዬ ሰብሊ” አለ፣ ድምፁ ተኝቶ እንደነበረ ሰው ሆኖ። እማዬ መቼ ነው የምትመለሰው አልኩት። እሁድ አለኝ። እዚያ ካሉት ሰዎች የአንዱን ስልክ ስጠኝ አልኩት። ኔትወርክ የለም አለኝ። ደጉ አንተ ደህና ነህ አልኩት፣ “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አለ። ወንድሜ እንደዚህ ተረጋግቶ አመስግኖ አያውቅም፤ ሲደውልልኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ነው ስለ ሥራ ማጣቱ የሚነግረኝ። ሒሳቤ እያለቀ ነው ብዬ ዘጋሁት፣ ሒሳቤ ግን አላለቀም ነበር።

አክስቴ ዘንድ ደወልኩ። “እትዬ፣ እማዬ ደህና ናት?” አልኳት ያለ ሰላምታ።

“ምን ትሆናለች፣ ጸበል ላይ ናት አይደል እንዴ? ይልቅ ነገ በጠዋት ነይ፣ ማዳምሽን አስፈቅጄልሻለሁ።”

“ለምን?”

“ናፍቀሽኝ ነዋ።”

አክስቴ ናፍቀሽኝ ብላኝ አታውቅም። አክስቴ ሰው ሲናፍቃት ወቀሳ ነው የሚመጣላት፤ ረሳሽኝ፣ ኮራሽ፣ ሀራሙስ፣ ሀብታም ሰፈር፣ ስትገቢ ካርቲዬ ስድስት አስጠላሽ ትለኛለች። አሁን ግን እንደ ማር ጠብ አድርጋ ናፍቀሽኝ አለችኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ዘጋሁ። ምን እላለሁ? በስልክ ንገሪኝ ብላት አትነግረኝም፣ አልነግርሽም ብትለኝ ደግሞ ነገረችኝ ማለት ነው።

የግቢው ጥበቃ ጫላ ይባላል፣ የሐረርጌ ልጅ ነው፣ አፉ እንደ እሬት የመረረ ሰው። ሌላ ቀን ጀሪካኑን ደጄ ላይ አስቀምጦ “ሙዪልኝ” ይላል እንጂ ለእኔ ጣቱን አያነሳም። ዛሬ ሳልጠይቀው የጋዙን ሲሊንደር ከደጅ ተሸክሞ አስገባልኝ፣ ገጠመልኝ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ “አይዞሽ ሰብሊ” ብሎ ወጣ። “ምን ሆንኩና ነው አይዞሽ የምትለኝ?” አልኩት። ዞር ሳይል “ሙቀቱን ማለቴ ነው” አለ። እሱም ሰምቷል። ግቢው ውስጥ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ነገሩ ደግሞ የእኔ ነው። እንዴት እንደተናደድኩ ልነግራችሁ አልችልም። ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ወለወልኩት፣ ከዚያ ዓሣውን ጠበስኩ፣ ሩዙን ሠራሁ፣ አሳረርኩትም።

ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ቤቱ ይተኛል። ከሥራ ይመለሳሉ፣ ይበላሉ፣ ባልየው ጫቱን ይዞ ወደ ጓደኞቹ ይሄዳል፣ እሷና ልጆቹ ኤርኮንዲሽን ከፍተው ይጋደማሉ። የእኔ ክፍል ከጋራዡ ጎን ናት። አንድ አልጋ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ፣ የካውያው ጠረጴዛና የማይከፈት መስኮት አሉባት። ካምሲን የሚሉት ትኩስ የበረሃ ነፋስ በሚነፍስበት በዚህ ወር አሸዋው በበሩ ሥር ገብቶ አንሶላዬ ላይ ይተኛል። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ለሳሎኑና ለመኝታ ቤቶቹ ነው፣ እኔ ዘንድ አይደርስም። በዚህ ሰዓት ሌሎቹ ሴቶች እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ ራስ ዲካ ሰፈር የሚሠሩት ደግሞ ጥላ ፈልገው ባሕር ዳር ይቀመጣሉ ይባላል። እኔ መጽሐፍ አርማለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሬዳዋ ያሉ ዓይነ ስውራን ተሰባስበው የድሮ መጻሕፍት ስካን ያስደርጋሉ። ማሽን ፎቶውን ወደ ፊደል ይለውጠዋል፣ ግን የድሮ ማተሚያ ቀለም ስለሚፈስ አንዱን ፊደል ከሌላው ያምታታዋል፣ ስልካቸው ጮክ ብሎ ሲያነብላቸውም የሰከረ ሰው ወሬ ይሆናል። ስለዚህ የገጹን ፎቶና ማሽኑ የጻፈውን በቴሌግራም ይልኩልናል፣ ዓይን ያለን ፈቃደኞች እያስተያየን እናቃናለን፣ ለአንድ ሰው ሃያ ሃያ ገጽ። ደንቡ አንድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ትጽፋለህ፣ ከራስህ አትጨምርም፣ አትቀንስም። ክፍያ የለውም፣ እንዲያውም ለሳምንት ኢንተርኔት አንድ ሺህ ፍራንክ ከእኔ ይወጣል፣ አክስቴ ይህን ስትሰማ አብደሻል ብላኛለች። ቀኑን ሙሉ ሰብሊ ውሃ፣ ሰብሊ ፎጣ ስባል እውላለሁ፤ የፋይሉ መጨረሻ ላይ ግን “አራሚ፦ ሰብለወርቅ” ተብሎ ይጻፋል። ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ለአክስቴ ማስረዳት አቅቶኛል።

ያን ዕለት የምሠራበት ልብ አልነበረኝም፣ ስልኩን የከፈትኩት ደጉ ጽፎ እንደሆነ ለማየት ነበር። የደጉ የለም። የኑረዲን የድምፅ መልእክት ግን ነበር። ኑረዲን ሥራውን ከድሬ ሆኖ የሚያስተባብረው ሰው ነው፣ ራሱም ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። ከዚያ በፊት በጽሑፍ እንጂ በድምፅ ተነጋግረን አናውቅም። “ሰብለወርቅ፣ ሰላም ነሽ ወይ? ገጽ ሰባ አራትን ያረምሽው አንቺ ነሽ ተብዬ ነው። ሲመችሽ ደውይልኝ” ይላል፣ ሌላ የለውም። ገጽ ሰባ አራት ላይ ያደረግሁትን አውቃለሁ።

መጽሐፉ የድሮ ልብ ወለድ ነው። ገጽ ሰባ አራት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚለምን አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አለ። ከሠርግ የሚመለስ አንድ ጎረምሳ ጣሳው ውስጥ ጠጠር ይጥልለታል፣ ሽማግሌው ኳ ሲል ሰምቶ ሳንቲም መስሎት ተነሥቶ ይመርቀዋል፣ ሚዜዎቹ ይስቃሉ። እስከዚህ ምንም አይደለም፣ እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ አለ። ያቃጠለኝ ደራሲው ነው። አሥራ አንድ መስመር ሙሉ እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ የሽማግሌውን አፍ፣ የሽማግሌውን ዓይን፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ማቅናቱን እያነሳ ይጫወትበታል። ይህን ኑረዲንና ጓደኞቹ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲሰሙት ታየኝ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጠጠሩን አውጥቼ ሳንቲም ጣልኩበት። አሥራ አንዱን መስመር ደለዝኩት። ምርቃቱን ተውኩት፣ እንዲያውም ከሳንቲሙ ጋር ይበልጥ ገጠመ። ያን ቀን ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር የዋልኩት።

ደወልኩለት። “ኑረዲን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ...” ስል አቋረጠኝ።

“አቦ፣ የድሬ ልጅ አንቱ አይባልም። ሳንቲሙን አንቺ ነሽ የጣልሽው?”

“እኔ ነኝ።”

ከጀርባው የሆነ ሰው ሻይ ሲያማስል ይሰማኛል። ከዚያ ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ልጅ ሆኖ ያንን መጽሐፍ እህቱ አንብባለት ነበር። ጠጠሩ ጋ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች፣ እሱ ቀጥዪ አላት፣ እሷም እያለቀሰች አነበበችለት። ሠላሳ ዓመት ያ ጠጠር ከሆዱ አልወጣም። መጽሐፉ ሊታረም ነው ሲባል ሌላውን ሁሉ እየዘለለ የጠበቀው ያንን ገጽ ነው፣ አሁን በጎልማሳነቴ ስሰማው ለዚያ ደራሲ ምን እንደምመልስለት ላውቅ ፈልጌ ነበር አለኝ። “እንደምንም ገጹ ደረሰ። ጣሳው ኳ አለ። ሳንቲም ነው።” ትንሽ ሳቀ። “እናንተ ዓይን ያላችሁ ሰዎች ስድቡን አንብባችሁ፣ ደራሲውን ረግማችሁ፣ ምሳችሁን ትበላላችሁ። እኛ ስንሰማው እንሰበራለን ብለሽ ነው? የምናደድበትን ነገር እንኳ መርጠሽ ልትሰጪኝ ነው?”

“አዝኜላችሁ ነው” አልኩት።

“እሱን አውቃለሁ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ መች ይከፋኝ ነበር። ሃያ ሦስት ሰው ያንን ገጽ ሰምቶ ጥሩ ደራሲ ነው ብሎ አመስግኖታል። የራሴን ነገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ ብቻ የተሸፈነ ነው የሚሰጠኝ። ይህ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ?”

አለቀስኩ። እሱ ስለወቀሰኝ አልነበረም፣ እሱ ግን በእሱ መሰለው፣ ደነገጠ፣ “ኧረ አቦ፣ ለዚህ አይለቀስም፣ ይስተካከላል” እያለ ይለማመጠኝ ጀመር። ያኔ ነገርኩት። ማዳም በረንዳ ላይ ያለችውን፣ የደጉን እግዚአብሔር ይመስገን፣ የአክስቴን ናፍቀሽኝ፣ የጫላን ጋዝ ሁሉንም ነገርኩት። ለማላውቀው ሰው እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ለገሃሬ ሰፈር ነኝ አለኝ። የእናቴ ቤት አዲስ ከተማ ነው፣ በባጃጅ ብትሄድ ምን አላት፣ ሄደህ ጠይቅልኝ አልኩት።

“ይሄማ የዘመድ ነገር ነው” አለ። “ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለው ነው እኮ። እኔ ማን ነኝና?”

“አሁን የነገርከኝን መልሰህ ለራስህ ንገረው” አልኩት። ብልግና ነበር፣ አውቃለሁ። እሱ ግን አልተቀየመም፣ ቤቱን ንገሪኝ አለ። ወይዘሮ ትርሲት ይባላሉ በል፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር ያለው አልኩት፣ ካልኩት በኋላ አፌን ያዝኩ። “ሰማያዊውን ለባጃጁ እነግረዋለሁ። ወፍጮ ቤቱን ለእኔ ተይልኝ” አለ። አንድ ሰዓት ስጪኝ ብሎ ዘጋ።

አንድ ሰዓት እንዴት ይታለፋል? መጸለይ ሞከርኩ፣ ግን ምን ብዬ እንደምጸልይ አላወቅሁም። የሆነው ነገር ከሆነ ዘጠኝ ቀን አልፎታል፣ እግዚአብሔርን አሁን ምን አድርግልኝ ይባላል? ስለዚህ ገጽ ሰባ አራትን ከፈትኩ። ፎቶውን አሰፋሁት። ሳንቲሙን አጠፋሁና ጠጠር ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አሥራ አንዱን መስመር አንድ በአንድ፣ ቃል በቃል፣ ላቤ ስክሪኑ ላይ እየተንጠባጠበ መለስኳቸው። አፉን መለስኩ፣ ዓይኑን መለስኩ፣ አንገቱን መለስኩ። ሳቁ ሁሉ ተመልሶ ሲገባ ደራሲውን እንዴት አድርጌ እንደረገምኩት፣ አጥንቱ ያለበት ቦታ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሽማግሌው ግን ሳንቲም የነበረ ጊዜ አንድ ተራ ለማኝ ነበር፣ አሁን ጠጠሩን ይዞ ሲመርቅ ሳየው ሌላ ሰው ሆነብኝ። ከሚዜዎቹም ከደራሲውም በላይ ትልቅ ሰው። ይህን ደራሲው ራሱ አላየውም። እኔም ሰርዤው ነበር።

ስልኩ ሲጠራ ገና ሃምሳ ደቂቃ ነበር። ወፍጮው ይሰማኛል። ያን ወፍጮ ስሰማ ነው ያደግሁት፣ ቀበቶው ላልቷል እየተባለ ሃያ ዓመት ሲንቋቋ የኖረ ወፍጮ ነው። ኑረዲን ከጩኸቱ ራቅ ለማለት እርምጃ ሲሄድ፣ ዱላው ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ።

“ሰብለወርቅ፣ ወፍጮ ቤቱን ነው የጠየቅሁት፣ ቤት አልገባሁም። ደጉንም አላገኘሁትም። እናትሽ... ትንሽ አሟቸው ነበር አሉ፣ ስኳሩ ጠንቶባቸው፣ እና ሰሞኑን...” ቆመ። “አይ። እኔም ጀመርኩ” አለ። “አየሽ፣ እኔም መሸፈን ጀመርኩ።”

“ንገረኝ” አልኩት።

“እናትሽ አርፈዋል። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ። ረቡዕ ተቀበሩ። ብዙ ሰው ነበረ ብለውኛል፣ መንገዱ ተዘግቶ ነበር አሉ። ድንኳኑ ፈርሷል፣ ወንበሩን ትናንት ነው የጫኑት። ሌላ የማውቀው የለም፣ የነገሩኝ ይህንን ነው።”

ከዚያ አልዘጋም። አለሁ አለኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሌላ ነገር አልጨመረም። አይዞሽ አላለኝም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አላለኝም። እኔ የካውያ ፎጣውን አፌ ውስጥ ጨመርኩት፣ ምክንያቱም ከግድግዳው ወዲያ ልጆቹ ተኝተዋል። በዚህ ቤት እኔ ስጮኽ ሰው ይነቃል። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፣ በስልኩ ውስጥ ወፍጮው ይፈጫል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ አንዲት ሴት ጤፉን ቶሎ አድርግልኝ ትላለች፣ የእናቴ ደጅ እንደማንኛውም ሐሙስ ውሎውን ይዟል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የማላውቀው ሰው በፀሐይ ላይ ቆሞ ዝም አለልኝ፣ ሒሳቡ እስኪያልቅ።

አሥር ሰዓት ላይ ማዳም ሻይዋን ፈልጋ ወጥ ቤት ስትገባ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ፊቴን አየችና ክው አለች። “አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ እናቴ ሞታለች፣ ጠዋት የተነጋገራችሁትን ሰምቻለሁ” አልኳት፣ በፈረንሳይኛ። የሳህን ማጠቢያ ፈረንሳይኛ ነው፣ ግሱ ሁሉ የተሰባበረ፣ ግን አንዱም አልጠፋትም። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ መኪናውን ላስነሳ አለች። አይሆንም አልኳት። ደግ ናት፣ ክፉ አይደለችም፣ እዚህ ቤት ማንም ክፉ የለም። ለዚህ ነው በማን ላይ እንደምጮኽ ያጣሁት። ጫላ በሩን ከፈተልኝ፣ ጎንበስ አለ፣ ጫማዬን አየ።

ከሀራሙስ እስከ አውቶቡሱ በእግር ነው። ነፋሱ ፊት ይለበልባል፣ ቪላዎቹ በራቸውን ዘግተዋል፣ አንድ የኤምባሲ ጥበቃ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጫቱን ይቅማል። አውቶቡሱ ውስጥ ሃምሳ ፍራንኬን ከፍዬ መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሦስት ጎረምሶች ነበሩ፣ የእኛው አገር ልጆች፣ አንድ ፌስታል ለሦስት፣ ስለ ጀልባና ስለ የመን በሹክሹክታ ያወራሉ። አንደኛው እህቴ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ አለኝ በአማርኛ። ደህና ነኝ አልኩት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አፌ ራሱ ነው ያለው። የደጉ ነገር ያኔ ገባኝ።

መንገዱን ሁሉ ለአክስቴ የምላትን ስደረድር ነበር የመጣሁት። ዘጠኝ ቀን እንደ ሕፃን ተታለልኩ፣ እናቴ አፈር ለብሳ እኔ እዚህ ዓሣ ስጠብስ፣ በሙዚቃ ሳሎን ስወለውል፣ እንደምን ቻልሽ? ቤቷ ካርቲዬ ስድስት ውስጥ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ በተጠጋጋበት ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ናት፣ አንድ ክፍልና መጋረጃ የተጋረደባት ጓዳ። በሯ ክፍት ነው። ደጅዋ ላይ የተዋሰቻቸው የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል። ውስጥ አክስቴ ብቻዋን ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ስንዴና ሽምብራ በትልቅ ሳፋ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፋለች፣ ለነገው ንፍሮ። አየችኝ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሳፋው ላይ ጣል አደረገችበት።

“ነገ አላልኩሽም? ምነው ዛሬ መጣሽ?” አለች። “ይሄ... የዘቢባ ልጅ ልደት ነው፣ እረጂኝ ብላኝ ነው።” ዘቢባ ጎረቤቷ ናት። ለልደት ንፍሮ የሚቀቅል ሰው አይቼ አላውቅም።

“እትዬ፣ ሰምቻለሁ” አልኳት።

እጇ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ፊቷን ያኔ አየሁት። ከስቷል፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ጸጉሯን ግን እንደወትሮዋ ተሠርታ ነበር፣ ሰው እንዳይጠረጥር። ይህን ሳይ የደረደርኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

“ማን ነገረሽ?”

“ነገሩኝ።”

“ብቻሽን? ብቻሽን ነው የሰማሽው፣ ልጄ?” ድምጿ ተሰበረ። “እንደዚያ እንዳይሆን እኮ ነው፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የተቃጠልኩት እንደዚያ እንዳይሆን ነው።”

“ሰው ነበረ” አልኳት። “አብሮኝ ሰው ነበረ።” እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ከውሃው አወጣሁት፣ ቀዝቅዟል፣ በቀሚሴ አደረቅሁላት። ደጅ ሰዎች በሶማሊኛ እየተሳሳቁ ያልፋሉ። የሞተችው ለእኔ እናቴ ናት፣ ለእሷ ደግሞ ታላቅ እህቷ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገቻት። ዘጠኝ ቀን በስልክ ጸበል ላይ ናት ብላኛለች፣ ጎረቤት እንዳይሰማና ወሬው ሀራሙስ እንዳይደርስ ድምጿን ዋጥ አድርጋ ሥራዋ ውላለች፣ ጸጉሯን ተሠርታለች። አንድም ቀን አላለቀሰችም። ማን አስለቅሷት? “እትዬ፣ እማዬ ሞተች እኮ” አልኳት፣ ቀስ ብዬ፣ ላላወቀ ሰው እንደሚነገር አድርጌ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ “እህቴን” አለች። “እህቴን፣ እህቴን” እያለች ነጠላውን ከሳፋው ላይ ጎትታ አገልድማ ተነሣች፣ ደረቷን ስትመታ ስንዴው ወለሉ ላይ ተደፋ፣ እኔ ከወገቧ ያዝኳት። ሴቶቹ ከየቤታቸው ሮጡ። ዘቢባ ከሁሉ ቀድማ ገባች፣ “ሙሉ፣ ነገርሻት እንዴ? ነገ አልነበረ ወይ?” እያለች ወደ እኔ መጣችና፣ ማንኛችንን እንደምትይዝ ግራ ገብቷት መሃል ላይ ቆመች።

“እሷን ያዢልኝ” አልኳት። “እህቷ ሞታባታለች።”